የእትዬ ኤዱቪሂስ መቀስና የአንተ የሠላሳ ቀን ሕግ

ይድረስ ለምወድህና በጣም ለተቀየምኩህ ወንድሜ ለኦስሜል፣ ሞንቴቪዴዮ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እዚያ አገር አሁን ብርዱ የሚጀምርበት ወራት ነው ይላሉና ጉሮሮህ እንዴት ይዞሃል? እማማ የላከችልህን ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ወንበር ላይ ሰቅለህ ታየዋለህ? የምትበላው ይስማማሃል? ያቺ ክፍል ያከራየችህ ሴትዮስ አሁንም ገላህን ስትታጠብ ደቂቃ ትቆጥርብሃለች? እኛ ሁላችንም በጤና አለን። አባባ ደህና ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ወገቡ ቀድሞ ይነግረዋል። እማማም ደህና ነች። አያታችን ኤቬሊዮ ባለፈው ወር ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞላቸውና ኬኩን ግማሹን ለብቻቸው በሉት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ታምሜ አይደለም፣ አንጀቴ አርሮ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የዳቦ ቤቱ ጎረቤታችን ሴቬሪኖ ነው። ነገ ስለሚበር ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳላወልቅ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አራት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍክም፤ ስትደውልም "ደህና ናችሁ? እኔም ደህና ነኝ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው" ብለህ ትዘጋለህ። በዚህ ዛሬ አልወቅስህም፤ ወረፋውን ይጠብቅ። ዛሬ የምወቅሰው ወንድሜን ሳይሆን "የጣሪያ ዘበኞች" የሚባለውን ጨዋታ የሠራውን ሰው ነው።

ምን እንደሠራህ የረሳኸው ስለሚመስለኝ ላስታውስህ። አንተና ሁለቱ ጓደኞችህ ወጥ ቤት ጥግ ባለችው ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ዓመት ተደፍታችሁ፣ እማማን ሩዝ መቀቀያ ቦታ አሳጥታችሁ፣ አንድ የተኩስ ጨዋታ ሠራችሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ጣሪያ ላይ ቆመው ከባሕር የሚወጡ ብረት ለበስ አውሬዎችን ይተኩሳሉ። ይህማ የትም አለ። የእናንተ ልዩነቱ ተኩሱ ጋብ ሲል ነው። ሁለቱ ዘበኞች ጥይት ሳጥኑ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ጨዋታው ጥያቄ ያመጣል፤ "ዛሬ ማንን ዋሸህ?" ወይም "ልጅ ሳለህ ምን ትፈራ ነበር?" ይላል። ሁለቱም መልሳቸውን ጽፈው ካልተላላኩ ታሪኩ ፈቀቅ አይልም። የመለሱት ደግሞ እዚያው ታሪኩ ውስጥ ይገባል። እኔ የጥርስ ሐኪም እፈራ ነበር ብዬ ብጽፍ በሚቀጥለው ምዕራፍ መሰርሰሪያ የያዘ አውሬ ላካችሁብኝ።

በድምፅ አይወራም፤ ኮምፒዩተሮቻችንን ለማገናኘት ከጣሪያ ጣሪያ የዘረጋነው የከተማችን መረብ ገመድ ቀጭን ስለሆነ ድምፅ አይሸከምም። ስም፣ ዕድሜና አድራሻ መጠየቅም በመረቡ ደንብ ክልክል ነው። ሁሉም በቅጽል ስሙ ነው። እኔ ቢምቢ ነኝ፤ ጓደኛዬ ሸርጣን ይባላል። ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አርባ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል።

ያንን የተረገመ ሕግ ያስገባኸው ግን አንተ ነህ። ሁለት ጓደኛሞች ሠላሳ ቀን ሳይገናኙ ከቀሩ ታሪካቸው ከሥሩ ይፋቃል። ለምን ብዬ ብጠይቅህ እስክሪብቶህን በጥርስህ ነክሰህ፣ እንደ ፈላስፋ ጣሪያ ጣሪያ እያየህ፣ "ጓደኝነት ካልተንከባከቡት ይሞታል፤ ጨዋታው መዋሸት የለበትም" አልከኝ። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ማንኛውም አባባል ጥሩ ይመስላል።

ሸርጣን ማን እንደሆነልኝ ካልነገርኩህ ንዴቴ አይገባህም። አንተ የሄድክ ዕለት ቤቱ ሁሉ ሲላቀስ እኔ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣሁም ተብዬ ታማሁ። በማግስቱ ጨዋታው "ዛሬ ቤትህ ውስጥ ምን ጎደለ?" ብሎ ጠየቀን። "ከጠረጴዛው አንድ ሳህን" ብዬ ጻፍኩ። ሸርጣን "እኔ ሳህኑን አሁንም አቀርበዋለሁ" ብሎ መለሰልኝ። ሌላ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ነው ያለቀስኩት፤ ማንም አላየም። ከዚያ በኋላ ያላወራሁት ነገር የለም፤ ከሁሉ በላይ ግን ትልልቆቹን ነበር የማማለት። ስለ አባባ ዶሚኖ፣ ስለ እትዬ ኤዱቪሂስ ጢም፣ ሁሉንም። እሱም አይሰንፍም፤ "ሽማግሌ ማለት ሁለት ጊዜ ነግሮሽ ሦስተኛውን 'ነግሬሽ ነበር ወይ?' ብሎ የሚጀምር ነው" ይለኝ ነበር። አንድ የሚገርመኝ ነገር አውሬ እየበላውም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ሳይዘጋ አለመተኮሱ ነው።

እትዬ ኤዱቪሂስን አትረሳቸውም፤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩህ በካርታ መጠቆሚያ ጆሮህን ያቀሉት። ከእኛ ሰፈር ወደ ታች ከተማ የሚወርደው ገመድ የሚያልፈው በእሳቸው ጣሪያ ነው። በአንድ በኩላችን ገደል፣ በሌላው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሌላ መውረጃ የለም፤ ባለጣሪያ እንቢ ካለ መስመሩ እዚያው ይሞታል። ለውለታቸው በየቅዳሜው የሳምንቱን የብራዚል ድራማ በፍላሽ ቀድተን እንወስድላቸዋለን። የማድረሱ ተራ የእኔ ነው። ሜይ አምስት ቀን አመሻሽ ላይ ከሸርጣን ጋር ተጫውቼ እንደጨረስኩ ፍላሹን ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ ቃኙኝና "ይህቺ ሱሪ ናት ወይስ የሱሪ ናሙና?" አሉኝ። "ወንድምሽ ጥሏችሁ ሄደ፣ አንቺ ደግሞ ከማይታወቅ ሰው ጋር ስትታኮሺ ትውያለሽ። እናትሽ ታሳዝነኛለች" አሉ። ዝም ብል ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ፍላሹን በሁለት እጄ አቀረብኩና በታላቅ ትሕትና፣ "መልካም ዕይታ ይሁንልዎ እትዬ፤ ሎሬና ግን ዶክተሩን አታገባውም፣ ይሞታል" አልኳቸው። ዶክተሩ ሊሞት ገና የአንድ ወር ክፍል ይቀረው ነበር፤ እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር። ቤት ደርሼ ሳልቀመጥ መስመሩ ጠፋ። ወጥቼ ሳይ እትዬ ኤዱቪሂስ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቢጫ ሸበጥ አጥልቀው፣ ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ገመዱን በዶሮ መበለቻ መቀስ ቆርጠውታል።

ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኔን ይቁጡኛ። ለዘጠነኛው ቀን የሰፈር ስብሰባ አስጠሩ፤ ስለ ዶክተሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። "እነዚህ ልጆች በመስኮት 'ጨርሰው፣ ከኋላህ ነው' እያሉ ሲጮሁ ልቤ ሁለት ጊዜ ቆሟል" ብለው ደረታቸውን ያዙ። አያታችን ኤቬሊዮ ጆሯቸው ላይ እጃቸውን አድርገው "ማነው የሞተው?" አሉ። "ማንም አልሞተም አባቴ" ተባሉ። "ታዲያ ለምን ተሰበሰብን?" አሉ፤ የስብሰባው ብቸኛ ብልህ ጥያቄ ያ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ገመዱ መብረቅ ይስባል አሉ። ከዚያ ማን ተነሥቶ "ጩኸት የልጅ ጭንቅላት ያበላሻል" ቢል ጥሩ ነው? አባባ። በዶሚኖ ድርብ ዘጠኝ ሲጥል በጩኸቱ የሁለት ሰፈር ዶሮ ከቆጥ የሚያወርደው የእኛው አባባ። ትምህርት እስኪዘጋ ገመዱ በሰፈራችን ጣሪያ አያልፍም ተብሎ ተወሰነ። እጄን አውጥቼ "እኔ ያለኝ ሠላሳ ቀን ብቻ ነው፣ ዘጠኙ አልቋል" ብል፣ አንዲት ጎረቤት "እኔ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ወረፋ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄአለሁ፣ አንቺ ምን ሆነሻል?" አሉኝና ሁሉም ሳቁብኝ። ሰው ጓደኛው ሊጠፋበት ሲል ይሳቃል?

የመስመሩ ኃላፊ ዳርየል ጋ ሄጄ "ሸርጣን የት ነው የሚኖረው?" ብዬ ለመንኩት። "ባውቅም አልነግርሽም፤ ደንብ ነው" አለኝ። "ደንቡን የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ስለዚህ ነዋ በቃሌ የማውቀው" አለ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ ሕግ ትጽፉና ራሳችሁ ትሰግዱለታላችሁ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ገመዱን በእግሬ ልከተለው ተነሣሁ። ከእትዬ ኤዱቪሂስ ጣሪያ የተረፈውን ጫፍ አገኘሁና አንገቴን ሰቅዬ እያየሁ ወረድኩ። ኮንኮርዲያ ድልድይን ተሻገርኩ፤ መሐል ከተማውን በየሰው ልብስ ማስጫ ሥር አለፍኩ፤ ሳን ሁዋን ወንዝ ላይ ገመዱ ከድልድዩ ብረት ጋር ታስሮ ሲሻገር እኔም ተሻገርኩ። ሸርጣን አንዴ "የቤዝቦል ሜዳው ጩኸት እያሳሳተኝ ነው፣ ተኩሱን አንቺ ያዢልኝ" ብሎኝ ስለነበር ፑዌብሎ ኑዌቮ ሰፈር፣ ከአሮጌው ሜዳ አጠገብ እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ። እዚያ ገመዱ እንደ ሸረሪት ድር ተበታተነ። በገባበት ቤት ሁሉ እያንኳኳሁ "ሸርጣን አለ?" አልኩ። አንዱ በድብቅ የባሕር ምግብ የሚሸጥ ሰውዬ ግራ ቀኝ አይቶ "ዛሬ አልቋል፣ ዓሣ ግን አለኝ፤ ድምፅሽን ቀንሺ" አለኝ። አንዷ ውሻ ለቀቀችብኝ።

አሥራ አንደኛውን በር የከፈቱልኝ ትከሻቸው ሰፊ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ በእጃቸው የማንጎ ቢላ የያዙ አሮጊት ናቸው። "ሸርጣንን ፈልጌ ነበር" አልኩ። መነጽራቸውን አደረጉና ብዙ አዩኝ። "ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ናችሁ?" አሉኝ። "አርባ አንድ።" "አምላኬ፣ ቢምቢ ልጅ እግር ወታደር ትመስለኝ ነበር፤ ለካ እግርሽ ራሱ የቢምቢ ነው" አሉ።

ኦስሜል፣ ሸርጣን የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴትዮ ናቸው። ኦብዱሊያ ይባላሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የልጅ ልጃቸው አገር ጥሎ ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ትቶላቸው ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርግበት እንደሚውል ለማየት ቢከፍቱት እኔ ጣሪያው ላይ ቆሜ "ቶሎ በል፣ ተኩስ እንጂ" እያልኩ ነበር። ተኮሱ። እንዲህ ነው የጀመርነው። በንዴት ጦፍኩ። "ሦስት ዓመት ሙሉ አሮጊት መሆንዎን ደበቁኝ" አልኳቸው። "መች ጠየቅሽኝ?" አሉ። "መጠየቅ ክልክል ነው።" "እኮ" አሉና ማንጎ ቆርጠው ሰጡኝ። "ስለ አሮጊቶች ያወራሁልዎት ሁሉስ?" ብላቸው፣ "ግማሹን ለጎረቤቶቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ የጢሙን ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ" አሉኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ መቀሱ፣ ስለ ስብሰባው። ከእኔ ጋር አብረው እንዲናደዱ ጠብቄ ነበር። ዶክተሩ ጋ ስደርስ ቢላቸውን አስቀመጡ። "የመጨረሻውን ነገርሻቸው?" አሉ። "አዎ።" "እኔ ብሆን ገመዱን ትቼ አንቺን ነበር የምቆርጥሽ" አሉኝ። ከዚያ ደንገጥ ብለው "የትኛው ድራማ ነው? አይ፣ ተዪው፣ አትንገሪኝ፤ እኔም አንዱን ጀምሬአለሁ" አሉ። በዓለም ላይ ለእኔ የሚያደላ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም አሮጊት ሆኖ ተገኘ።

የከፋው ግን ሌላ ነበር። ተቀመጥንና ወሬ አጣን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ነበር፤ አንዱ ንጹሕ፣ ያልተነካ። ሁለታችንም አየነው። የሆዴን ሁሉ ለነገርኳቸው ሰው የምናገረው አጥቼ ማንጎ ዘንድሮ ትል እንደበዛበት አወራሁ። እሳቸውም "ዝናቡ ነው" አሉኝ። ስሄድ ግን "ታሪኩ እንዲፋቅ አልፈልግም፤ አርባ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት እዚያ ውስጥ ነው ያለው" አሉ። እኔም ያለኝ እዚያው ነው። የእኔ ድርሻ ታሪክ ያለው በኮምፒዩተሬ ውስጥ ስለሆነ እሱን እዚያ ወስጄ በአጭር ገመድ ከእሳቸው ኮምፒዩተር ጋር ላገናኘው ተስማማን።

እማማ እንቢ አለች። ሰባት ቀን ሙሉ። በየጧቱ በጨርቅ የምትወለውለው ኮምፒዩተርህ ነዋ። "ኦስሜል የነካው ነው፤ ከዚህ ቤት አይወጣም" አለች። ለመንኳት፣ አኮረፍኩ፣ ሳህን አጥቤ ለመንኳት። በሠላሳኛው ቀን ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቃል ቢጠፋኝ፣ አንተ የሄድክ ጊዜ ያለቀስኩት የት እንደሆነ ነገርኳት። ከአልጋዋ ላይ አንሶላውን ገፍፋ መጣችና ስክሪኑን እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። አባባ ደግሞ የሴቬሪኖን የዳቦ ጋሪ ተውሶ በር ላይ ቆሟል። "ስብሰባው የወሰነውን ረሳኸው?" ብዬ ብጠይቀው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "የተወሰነው ገመድ በጣሪያ እንዳያልፍ ነው፤ ስለ ጋሪ የተነሣ ነገር የለም" አለኝ።

አባባ እስከ ፑዌብሎ ኑዌቮ እያላበው ገፋ። እትዬ ኦብዱሊያ በሩን ሲከፍቱ ጋሪውን ለቀቀው። "እርስዎ የአሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር አይደሉም? በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ በሩን ፊቴ ላይ ዘግተውብኝ ሄደዋል" አለ። "ሮጠህ ነበር?" አሉት። "ሮጫለሁ።" "ሁሉም እንዲሁ ይላል" አሉና አስገቡን። ከዚያ ወዲያ እየተጨቃጨቁ ነው የረዱኝ፤ ጩኸት የልጅ ጭንቅላት ያበላሻል ያለው አባባ እንዴት ይጮህ እንደነበር አትጠይቀኝ።

ስናበራው ጨዋታህ "የቀረው ጊዜ ሁለት ሰዓት" ይላል፣ በቀይ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተኩሱ ምንም አላስቸገረንም፤ እትዬ ኦብዱሊያ አውሬ ሲመጣ የሚሳደቡትን አያታችን እንኳ ይሰሙት ነበር። ከዚያ ጥይት ሳጥኑ ላይ ተቀመጥንና ጥያቄህ መጣ፦ "ልትነግረኝ ፈልገህ የተውከው ምንድን ነው?" ክርናችን ይነካካል፣ ስክሪናችን ይተያያል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። አንዲት ቃል መጻፍ አቃተን። በሕግህ ሳይሆን በእፍረት ልንፋቅ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ኦብዱሊያ ወንበራቸውን አነሡ። "ዞር በይ" አሉኝ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከጀርባዬ ሆኖ ሲያወራ ነው የለመድኩት። ፊት ለፊት አይሆንልኝም።" ጀርባችንን ሰጣጥተን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ጣቴ በራሱ መሄድ ጀመረ። ከኋላዬ የእሳቸው ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል፤ አንዴ ቆመ፣ አፍንጫ ሲናፈጥ ሰማሁ፣ እንደገና ቀጠለ። የጻፉትን አልነግርህም፣ ደንብ ነው። እኔ የጻፍኩት ግን የራሴ ነውና ልንገርህ፦ "ወንድሜ የረሳን እየመሰለኝ ነው፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም" ብዬ ነው። አርባ ሁለተኛው ምዕራፍ ተከፈተ። እሳቸውም መልሳቸውን በአራት ነጥብ ዘግተውታል።

እትዬ ኦብዱሊያ ያለ ይቅርታ ሁለተኛ ማንጎ አልሰጥሽም ስላሉኝ ትናንት እትዬ ኤዱቪሂስ ዘንድ ሄድኩ። ለካ እሳቸውም አንድ ወር ሙሉ ድራማ የሚያመጣላቸው አጥተው ከስተዋል። ይቅርታዬን ቆመው ሰሙና በሩን ከኋላዬ ዘግተው፣ በሹክሹክታ፣ "ያ ዶክተር እውነት ይሞታል ወይስ እኔን ለማናደድ ነው?" አሉኝ። ዓይናቸውን አየሁ። "ለማናደድ ነው እትዬ፤ በሕይወት አለ" አልኩ። ስብሰባውን ረሱ፣ ልባቸውንም ረሱ፤ ዛሬ ጧት ዳርየል ገመዱን ሲቀጥል መሰላሉን የያዙለት እሳቸው ናቸው። ድራማውን ካቆሙበት ስለሚቀጥሉ ዶክተሩ የሚሞተው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። መቀሱ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

እንግዲህ አራት ሳምንት አለህ። ያንን ሕግ አውጣው። ጓደኝነት ካልተንከባከቡት ይሞታል ያልከኝ ስሕተት ነው፤ ገመድ ሲቆረጥ ሰው አይሞትም፣ የተቆረጠበት ብቻ ይሆናል። አዲሱን በፍላሽ አድርገህ ሴቬሪኖ ሲመለስ ላክልኝ። በቦታው ምን ላስገባ ካልከኝ ይኸውልህ፦ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ጥይት ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ። ማንም ቀን አይቁጠርበት።

እማማ በሁለቱም ጉንጭህ ትስምሃለች፤ ሹራቡን ልበስ ብላለች። አባባ በጽኑ ሰላም ይልሃል፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ሮጦ እንደነበር መስክርልኝ ይልሃል፣ ያን ጊዜ ባትወለድም። አያታችን ኤቬሊዮ "ማነው የሄደው?" ብለው ጠይቀው፣ አንተ መሆንህን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አንሥተው መርቀውሃል። ሸርጣን ሰላም ብለውሃል፤ የመሰርሰሪያው አውሬ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ አስተካክለው ብለዋል። ለአከራይህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በደቂቃ ሳይሆን በዘፈን ትቁጠርልህ።

አክባሪህና ከሳሽህ እህትህ
ያኒስቤል

ማታንሳስ፣ ቬርሳዬስ ሰፈር
ጁን 7 ቀን 2018